ኢነርጂ ወይስ የእንቅስቃሴ ቀመር? ለየትኛው ጥያቄ የትኛው መንገድ ያዋጣል

የዘጠነኛ እና የአስራ አንደኛ ክፍል ልጆችን ፊዚክስ አስጠናለሁ። የብዙዎቹ ደብተር አንድ መልክ አለው። ጥያቄው ከላይ ተገልብጧል። ከሥሩ አምስት ቀመር ተደርድሯል። ከዚያ በኋላ ገጹ ባዶ ነው።

ልጆቹ ቀመር አልጎደላቸውም። "ኤም ጂ ኤች" እና "ሃፍ ኤም ቪ ስኩዌር"ን እንደ ዳዊት ይደግሙታል (ኤም ማስ፣ ጂ ስበት፣ ኤች ከፍታ፣ ቪ ፍጥነት ነው)። የሚቸግራቸው የትኛውን መቼ እንደሚያነሱ ነው። ክፍል ውስጥ ይህ ችግር አይታይም፤ ምዕራፉ ስለ ኢነርጂ ከሆነ ጥያቄውም የኢነርጂ ነው። ፈተና ላይ ግን ጥያቄ የምዕራፉን ስም ይዞ አይመጣም።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው መንገዶቹን ነው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር። በአማርኛ "ኃይል" ስንል አንዴ ፎርስ፣ አንዴ ፓወር፣ አንዴ ኢነርጂ ማለታችን ነው። መብራት ሲጠፋ "ኃይል ጠፋ" እንላለን፣ ጡንቻ ያለውንም ሰው "ኃይለኛ" እንለዋለን። ፊዚክስ ላይ ይሄ ጣጣ ያመጣል። እኔ እዚህ ፎርስን "ጉልበት"፣ ኢነርጂን "ኢነርጂ" እያልኩ እሄዳለሁ። ለፖቴንሻል ኢነርጂ ግን "እምቅ ኢነርጂ" የሚለውን እወደዋለሁ። ታምቆ የተቀመጠ፣ መውጫውን የሚጠብቅ። ከእንግሊዝኛው ይልቅ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሦስቱ መንገዶች

አንደኛው የኢነርጂ ሚዛን ነው። መጀመሪያ ላይ የነበረውን እምቅ እና የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ትደምራላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ካለው ድምር ጋር እኩል ታደርጋላችሁ። ሁለተኛው የእንቅስቃሴ ቀመሮች ናቸው፤ ፍጥነት፣ ሽምጠጣ (ተማሪው "አክስለሬሽን" የሚለው)፣ ርቀት እና ጊዜ ያሉባቸው። ሦስተኛው የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው። ጉልበቶቹን በቀስት ትስላላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ ሽምጠጣውን ታወጣላችሁ።

እኔ ጥያቄ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው "በስንት ሰከንድ" የሚል ቃል ነው። ከሌለ ኢነርጂን አስቀድማለሁ። ኢነርጂ የሚያየው መነሻና መድረሻን ብቻ ነው። እንጦጦን በእግር ብትወጡት በመኪና ብትወጡት የወጣችሁት ከፍታ ያው ነው። ኢነርጂ መንገድ ላይ ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁ አይጠይቃችሁም። እናንተም ብትጠይቁት አይመልስላችሁም።

ሁለቱም የሚያዋጡበት፦ ቀጥ ብሎ የሚወድቅ ድንጋይ

ከ20 ሜትር ከፍታ ድንጋይ ተለቀቀ። መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው? ጂን (ስበት የሚሰጠውን ሽምጠጣ) 10 እንያዝ፣ የአየሩን ነገር እንተወው።

በኢነርጂ፦ ላይ ሆኖ ያለው እምቅ ኢነርጂ ታች ሲደርስ ሁሉም የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ሆኗል። ኤም ጂ ኤች ከሃፍ ኤም ቪ ስኩዌር ጋር እኩል ነው። ኤም በሁለቱም በኩል ስላለ ይጣፋል። ቪ ስኩዌር 2 × 10 × 20 = 400 ነው። ቪ 20 ሜትር በሰከንድ።

በእንቅስቃሴ ቀመር፦ ቪ ስኩዌር ከ2 ጂ ኤች ጋር እኩል ነው። 400። ቪ 20።

ያው ነው አይደል? ያው የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ያ ጊዜ የሌለበት የእንቅስቃሴ ቀመር ራሱ በጓሮ በር የገባ ኢነርጂ ነው። በኤም አባዙት፣ ለሁለት ክፈሉት፣ ሃፍ ኤም ቪ ስኩዌር ይወጣል። ስለዚህ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሽምጠጣውም የማይለወጥ ከሆነ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ። የለመደላችሁን ያዙ። "በስንት ሰከንድ ወደቀ?" ከተባላችሁ ግን የእንቅስቃሴ ቀመር የግድ ነው፤ 20 ን ለ10 አካፍሉ፣ 2 ሰከንድ።

ኢነርጂ ብቻውን የሚያሸንፍበት፦ ሸርተቴ

የልጆች መጫወቻ ቦታ ያለውን ሸርተቴ አስቡት። ከላይ ቁልቁል ይጀምራል፣ መሃል ላይ ይጎብጣል፣ ታች ጋ ለጥ ይላል። ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ የመንሸራተቻው ርዝመት 5 ሜትር ነው። 25 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ከላይ ቁጭ ብላ እጇን ለቀቀች።

አንድ ተማሪ ይህን ጥያቄ በእንቅስቃሴ ቀመር ሠራልኝ። ሽምጠጣውን 10 አደረገ። ርቀቱን 5 ሜትር አደረገ። መልሱ 10 ሜትር በሰከንድ መጣለት። ወደ ሰዓት ቀይረው አልኩት። 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ልጅቷ ከሸርተቴው ስትወርድ እንደ ሚኒባስ ትከንፋለች ማለት ነው። እሱም ሳቀ።

ስህተቱ የት ነው? የእንቅስቃሴ ቀመሮቹ የሚሠሩት ሽምጠጣው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ሸርተቴው ላይ ግን ቁልቁሉ በየቦታው ይለያያል። ላይ ስትሆን ሽምጠጣዋ ብዙ ነው፣ ታች ስትደርስ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። ለቀመሩ የሚሰጥ አንድ ቁጥር የለም።

ኢነርጂ ግን ስለ ጉብጠቱ ደንታ የለውም። ቪ ስኩዌር 2 × 10 × 1.8 = 36 ነው። 6 ሜትር በሰከንድ። አለቀ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ የገባው 1.8 ነው እንጂ 5 አይደለም። ኤች ማለት ወደ ላይ የሚለካ ቁመት ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 30 ዲግሪ ያዘነበለ ሳንቃ ቢሰጣችሁም ኤች 2 ሜትር ነው። በእኔ ልምድ ልጆች በዚህ ምዕራፍ ብዙ ነጥብ የሚጥሉት እዚህች ጋ ነው።

አሁን ሰበቃን (ፍሪክሽንን) እናስገባ። ልጅቷ ታች ስትደርስ ፍጥነቷ 6 ሳይሆን 4 ሜትር በሰከንድ ነው እንበል። ላይ ስትሆን እምቅ ኢነርጂዋ 25 × 10 × 1.8 = 450 ጁል ነበር። ታች ላይ የእንቅስቃሴ ኢነርጂዋ ግማሽ × 25 × 16 = 200 ጁል ነው። 250 ጁል የት ሄደ? ሙቀት ሆነ። የሱሪዋ መቀመጫ የሚሞቀውም በክረምት መጨረሻ ሳስቶ የሚገኘውም ለዚህ ነው። 250 ን ለ5 ሜትር ብታካፍሉት አማካዩ የሰበቃ ጉልበት 50 ኒውተን ይመጣል። ለዚህ ስሌት ነው 5 ሜትሩ የተሰጠው።

"ሰበቃ ካለ ኢነርጂ አይሠራም" የሚል ወሬ ተማሪው ዘንድ ይዞራል። ልክ አይደለም። ይሠራል፣ ግን ሚዛኑ ላይ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ፤ ሰበቃ የበላው ሥራ። መጀመሪያ የነበረው ኢነርጂ መጨረሻ ላይ ካለው እና ሰበቃ ከበላው ድምር ጋር እኩል ነው።

ስፕሪንግ ያለበት ጥያቄም እንደ ሸርተቴው ነው። ስፕሪንግ በተጨመቀ ቁጥር ጉልበቱ ስለሚለዋወጥ የእንቅስቃሴ ቀመርን ገና ከበሩ ይመልሰዋል። ጥንካሬው 200 ኒውተን በሜትር የሆነ ስፕሪንግ 10 ሳንቲ ሜትር ቢጨመቅ ግማሽ × 200 × 0.01 = 1 ጁል ያምቃል። 20 ግራም ኳስ ወደ ላይ ቢወረውርበት ከተለቀቀበት ቦታ 5 ሜትር ይወጣል። ሁለት መስመር ነው።

ተከፋፍለው የሚሠሩበት፦ ሦስት ድንጋይ

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። 15 ሜትር ከፍታ ካለው ጣሪያ ሦስት ድንጋይ በ10 ሜትር በሰከንድ ተወረወረ። አንዱ ቀጥታ ወደ ላይ፣ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ጎን። የትኛው ነው መሬትን በበለጠ ፍጥነት የሚመታው?

ክፍል ውስጥ እጅ አውጡ ብትሉ ወደ ታች የተወረወረው ይላሉ። በኢነርጂ ግን ሦስቱም አንድ ናቸው። ሲነሱ ቪ ስኩዌር 100 ነበር። ከፍታው 2 × 10 × 15 = 300 ይጨምራል። 400። ሦስቱም 20 ሜትር በሰከንድ። ኢነርጂ አቅጣጫ የለውም፤ ወደ የት እንደተወረወረ አያውቅም።

አሁን "በስንት ሰከንድ?" ብላችሁ ጠይቁ። ኢነርጂ ዝም ይላል። የእንቅስቃሴ ቀመር ወደ ታች የተወረወረው 1 ሰከንድ፣ ወደ ጎን የተወረወረው 1.7 ሰከንድ ገደማ፣ ወደ ላይ የተወረወረው 3 ሰከንድ እንደሚፈጅ ይነግራችኋል። ወደ ጎን የሄደው ከሕንፃው ምን ያህል ርቆ እንደሚወድቅም፣ 17 ሜትር ገደማ፣ በዚሁ መንገድ ነው የሚገኘው። ፍጥነታቸው አንድ፣ ጊዜያቸው ለየቅል።

ጊዜ ሲጠቀስ ሁሉ ግን ወደ እንቅስቃሴ ቀመር አትሩጡ። ጥያቄው ስለ ፓወር (በየሰከንዱ ስለሚለቀቅ ኢነርጂ) ከሆነ ጊዜ አለ፣ መንገዱ ግን የኢነርጂ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1000 ኪሎ ነው። 100 ሜትር ቢወርድ 1 ሚሊዮን ጁል ይለቃል። ይህ በየሰከንዱ ከሆነ 1 ሜጋ ዋት ነው፣ ተርባይኑ ምንም ሳያባክን። የሕዳሴ ግድብ ቁመቱ 145 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህን ሁሉ ለማመንጨት በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ሜትር ኩብ ውሃ ለምን እንደሚያስፈልግ ከኤም ጂ ኤች ብቻ ታያላችሁ።

ፍሬን፦ መልሱ አንድ፣ ትምህርቱ የተለያየ

በ72 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም በ20 ሜትር በሰከንድ፣ የሚሄድ መኪና ፍሬን ያዘ። ጎማው እና አስፋልቱ መሃል ያለው የሰበቃ ልክ 0.8 ነው፤ የሰበቃው ጉልበት የመኪናው ክብደት 0.8 እጥፍ ነው ማለት ነው። ስንት ሜትር ተንሸራቶ ይቆማል?

በኒውተን ብትሄዱ ሽምጠጣው 8 ይወጣል፣ ከዚያ የእንቅስቃሴ ቀመር፣ 25 ሜትር። በኢነርጂ ብትሄዱ የእንቅስቃሴ ኢነርጂውን ሁሉ ሰበቃ መብላት አለበት፣ 25 ሜትር። መልሱ አንድ ነው። እዚህ ግን እኔ ኢነርጂን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ስኩዌሩ ዓይናችሁ ላይ ይቀመጣል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ መንገዱ በግማሽ አይቀንስም። ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 6.25 ሜትር። በእጥፍ ቢጨምር ደግሞ 100 ሜትር። ሹፌሩ ነቅቶ እግሩን እስኪያነሳ የሚሄደው መንገድ ገና አልተደመረም።

ይህ ስኩዌር በቀላሉ አልተገኘም። አውሮፓ ውስጥ የእንቅስቃሴ መለኪያው ማስ ሲባዛ በፍጥነት ነው ወይስ ማስ ሲባዛ በፍጥነት ስኩዌር ነው በሚል ብዙ ተጨቃጭቀውበታል። ሆላንዳዊው ቪለም ስግራቬሳንድ እ.ኤ.አ. በ1720ዎቹ የናስ ኳሶችን ለስላሳ ሸክላ ጭቃ ላይ እየጣለ ለካ። በእጥፍ ፍጥነት የመታው ኳስ አራት እጥፍ ጠልቆ ገባ። ፈረንሳዊቷ ኤሚሊ ዱ ሻትሌ እ.ኤ.አ. በ1740 ባሳተመችው ሥራ ለስኩዌሩ ወገን ተከራከረች። ጭቃው ላይ የታየው አራት እጥፍ ጉድጓድ እና አስፋልቱ ላይ ያለው አራት እጥፍ የጎማ ጭረት አንድ ነገር ናቸው።

ኢነርጂ የሚያቅተው፦ የገመድ ውጥረት

በአንድ ሽክርክሪት (ፑሊ) ላይ በገመድ የተንጠለጠሉ 3 ኪሎ እና 2 ኪሎ አሉ። ተለቀቁ። ከባዱ 1 ሜትር ሲወርድ ፍጥነቱ ስንት ነው?

በኢነርጂ፦ አንዱ 30 ጁል አጣ፣ ሌላው 20 ጁል አገኘ። የተረፈው 10 ጁል ሁለቱንም፣ 5 ኪሎውን፣ ያንቀሳቅሳል። ቪ 2 ሜትር በሰከንድ። ገመዱን ስሙን እንኳ አላነሳነውም።

"የገመዱ ውጥረት ስንት ነው?" ከተባለ ግን ይሄ አቋራጭ አይጠቅምም። ኒውተን ጋ ሂዱ። ሽምጠጣው 2 ነው፣ ውጥረቱ 24 ኒውተን። ስለ ውስጥ ጉልበት፣ ስለ ውጥረት፣ ስለ ወለል ግፊት ከተጠየቃችሁ ቀስት መሳል አይቀርላችሁም።

ዜሮው የት ይሁን? ጂስ ስንት ይሁን?

እምቅ ኢነርጂ ከየት እንደሚለካ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለ ጠረጴዛ ኳስ ወደ ወለሉ ወደቀ እንበል። ከመሬት ብትለኩ፣ ከወለሉ ብትለኩ፣ ልዩነቱ ያው የጠረጴዛው ቁመት ነው። እኔ ሁልጊዜ በጥያቄው ውስጥ ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ዜሮ አደርጋለሁ፤ ከኔጌቲቭ ቁጥር ይገላግላል። ኔጌቲቭ ቢመጣም አትደንግጡ። የጉድጓዱን አፍ ዜሮ ካላችሁ 12 ሜትር ታች ያለው ባልዲ ኔጌቲቭ 12 ላይ ነው። ስህተት የሚሆነው መሃል ላይ ዜሮውን ስትቀይሩት ነው።

ጂን በተመለከተ ጥያቄው 9.8 ካለ 9.8፣ ዝም ካለ 10። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ ጂ ከ9.8 ትንሽ ያንሳል፤ ከተማዋ ከፍ ያለች ናት፣ ለምድር ወገብም ትቀርባለች። ለፈተና ግን ምንም አይለውጥም።

ኢነርጂን የማታምኑበት ቦታ

ግጭት ነው። 1 ኪሎ የጭቃ ድቡልቡል በ6 ሜትር በሰከንድ ሄዶ የቆመ 2 ኪሎ ጋሪ ላይ ተለጠፈ። አብረው በስንት ይሄዳሉ? በእንቅስቃሴ ኢነርጂ ሚዛን ከሠራችሁ 3.5 ገደማ ይመጣል። መልሱ ግን 2 ነው። ሲለጣጠፉ ሳይለወጥ የሚጠበቀው ሞመንተም (ማስ ሲባዛ በፍጥነት) ነው። ከግጭቱ በፊት 18 ጁል ነበር፣ ከግጭቱ በኋላ 6 ጁል ብቻ ቀረ። 12ቱ ጭቃውን ጨፈለቀ፣ አሞቀ፣ "ጧ!" የሚለው ድምፅም ሆነ። ጥያቄው ውስጥ "ተጣበቁ"፣ "አብረው ሄዱ"፣ "ተሰካ" የሚል ቃል ካያችሁ ለግጭቷ ቅጽበት ሞመንተም፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ላለው ኢነርጂ።

ሁለቱን ማጋባት፦ ዥዋዥዌ

ከባድ የሚባሉት ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መንገድ የሚፈልጉ ናቸው። ገመዱ 2 ሜትር የሆነ ዥዋዥዌ ላይ 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ተቀምጧል። ገመዱ ከቁመቱ መስመር 60 ዲግሪ እስኪርቅ ወደ ኋላ ተጎትቶ ተለቀቀ። ታች ሲደርስ ገመዱ ስንት ኒውተን ይሸከማል?

በቀጥታ ወደ ውጥረቱ የሚሄድ ልጅ 300 ኒውተን ብሎ ያርፋል። የልጁ ክብደት እኮ ነው! ረጋ በሉ። መጀመሪያ ፍጥነቱን በኢነርጂ አውጡ። በ60 ዲግሪ የተነሳው ቁመት 1 ሜትር ነው፤ ከ2 ሜትሩ ግማሹ። ቪ ስኩዌር 2 × 10 × 1 = 20። ስኩዌር ሩት አታውጡ፤ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ቪ ስኩዌሩ ራሱ ነው።

ከዚያ ኒውተን። ልጁ ታች ላይ በክብ መንገድ እየሄደ ስለሆነ ገመዱ ክብደቱን ከመሸከም ሌላ ወደ መሃል መጎተት አለበት። ያ ተጨማሪ 30 × 20 ሲካፈል ለ2፣ ማለትም 300 ኒውተን ነው። ድምሩ 600። ልጁ ዝም ብሎ ቢቀመጥበት የሚችለው ገመድ፣ ሲወዛወዝበት የሁለት ልጅ ክብደት ይጫንበታል። ግቢያችሁ ዛፍ ላይ ገመድ የምታስሩ ከሆነ የምትገዙት በዚህኛው ቁጥር ነው።